ውለታው የአጎትሽ፣ ፊርማው ያንቺ

ደብዳቤው

«ዕድሜዬ 26 ነው። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው። በአካውንቲንግ ተመርቄ አዲስ አበባ ከመጣሁ ጀምሮ የምኖረው አጎቴ ቤት ነው። የእናቴ ወንድም ነው፤ ዩኒቨርሲቲ እያለሁም ወጪዬን የቻለው እሱ ነበር። ሥራም ያስገባኝ እሱ ነው፤ የግንባታ ዕቃ የሚያስመጣ ጓደኛው ድርጅት ውስጥ። መጀመሪያ ላይ ደስ እያለኝ ነበር የምሠራው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ባለቤቱ ወር በገባ ቁጥር በፌስታል ደረሰኝ ያመጡና ‹እነዚህን ወጪ አድርጊያቸው› ይሉኛል። የተገዛ ዕቃ የለም፤ የተገዛው ደረሰኙ ራሱ ነው። እኔም እየመዘገብኩ፣ እየፈረምኩ ነው።

ከብዶኝ ለአጎቴ ብነግረው ‹እሱ ባይቀበልሽ የት ትገቢ ነበር? አታሳፍሪኝ› አለኝ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ‹ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል› እያለች ትስቅብኛለች። አሁን ደግሞ ደመወዝ ሊጨመርልኝ ነው፤ ጭማሪው በፔሮል ሳይሆን በእጅ ነው የሚሰጠኝ። እሱን ካገኘሁ ቤት ተከራይቼ ለብቻዬ መኖር እችላለሁ። ከተመረቅሁ ጀምሮ የምመኘው ይህንን ነው፤ እኛ ቤት ግን ‹ሴት ልጅ ሳታገባ ከቤት አትወጣም› ይባላል። እናቴ ሰኞ ገበያ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች፤ በየወሩ የምልክላትን ትጠብቃለች። ሐራም ነው ብዬ የማምነውን በገዛ እጄ እየጻፍኩ ሶላት ላይ ስቆም ይጨንቀኛል። ሕልሜ የራሴን ቢሮ ከፍቼ እንደ እናቴ ላሉ ነጋዴዎች ሂሳብ መሥራት ነበር፤ አሁን ግን ለምን እንደተማርኩም እየጠፋኝ ነው። ሥራውን ልልቀቅ ወይስ ቤት እስክይዝ ልታገስ?

ግራ የገባኝ፣ ከሃያ ሁለት»

መልስ

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሳ። ሥራው ላይ መታገስ ትችያለሽ፤ ፊርማው ላይ ግን አትችዪም። ሌላ ሥራ እስክታገኚ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠሽ የሚገባሽን ሥራ ሠርተሽ ደመወዝሽን መቀበል ነውር የለበትም። ያ ፌስታል ግን በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ሲመጣ እንደመጣ መመለስ አለበት። «ቤት እስክይዝ» የሚለው ቀጠሮ አያዋጣሽም፤ ቤት ከያዝሽ በኋላ ደግሞ ኪራዩ አለ፤ ከኪራዩ በኋላ የአልጋውና የፍሪጁ ዕዳ ይመጣል። እምቢ ለማለት የሚመች ወር እየጠበቀች ጡረታ የወጣች ሂሳብ ሠራተኛ አውቃለሁ፤ በዚህ ሙያ ብዙ ስለቆየሁ የማውቀው ደግሞ አንዷን ብቻ አይደለም።

ነገሩን አንዴ በቁጥር እናስቀምጠው። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ አብረውሽ የሚያነቡት ግን ሁሉም የሂሳብ ሰዎች አይደሉም። በፌስታሉ ውስጥ የ1 ሚሊዮን ብር የግዢ ደረሰኝ አለ እንበል። ድርጅቱ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ ከትርፉ 30 በመቶ ግብር ይከፍላል። ያልተገዛ ዕቃ ወጪ ተደርጎ ሲመዘገብ ትርፉ በ1 ሚሊዮን ይቀንሳል፤ ስለዚህ 300 ሺህ ብር ለመንግሥት ሳይገባ ይቀራል። በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት አለ፤ ከደንበኞቹ ከሰበሰበው ቫት ላይ «እኔም ስገዛ ከፍያለሁ» ብሎ 150 ሺህ ይቀንሳል። በድምሩ 450 ሺህ ብር መሆኑ ነው። ደረሰኝ ሻጩ ከዚህ ላይ በመቶኛ ድርሻውን ቆንጥሮ ይወስዳል፤ የቀረው የባለቤቱ ነው። አሁን ያ በእጅ የሚሰጥሽ ጭማሪ ከየት እንደሚመጣ ለራስሽ መንገር አያቅትሽም። ጎበዝ ስለሆንሽ ቢሆን ኖሮ በፔሮል ይገባ ነበር።

የፔሮሉን ነገር ቀለል አድርገሽ ያለፍሽው ይመስለኛል። በእጅ የሚሰጥ ጭማሪ ጡረታ አይቆረጥበትም። ካንቺ 7 በመቶ፣ ከአሠሪሽ 11 በመቶ ሊገባልሽ ሲገባ፣ በዚያኛው ብር ላይ ምንም አይገባልሽም። ነገ የሥራ ልምድ ሲጻፍልሽ የሚጠቀሰው በወረቀት ላይ ያለው ትንሹ ደመወዝ ነው፤ አዲሱ አሠሪሽም የሚደራደርሽ ከእሱ ተነስቶ ነው። የቤት ኪራይሽ ግን በትልቁ ይቆረጣል። ባለቤቱ የከለከሉሽ ቀን ቤቱን ማን ይከፍላል? ራሴን ልቻል ብለሽ የምትይዢው ቁልፍ በሳቸው ኪስ ውስጥ ይቀራል ማለት ነው። ከአጎትሽ ቤት ወጥተሽ ባለቤቱ እጅ ገባሽ እንጂ ራስሽን አልቻልሽም።

ወደ ፊርማው ልመለስ። የክፍያ ቫውቸሩ፣ ማለትም ወጪው የሚጻፍበት ወረቀት፣ ግርጌ ላይ ሦስት መስመሮች አሉ፦ ያዘጋጀው፣ የመረመረው፣ ያጸደቀው። እርግጠኛ ነኝ የመጀመሪያው ላይ ያለው ስም ያንቺ ነው። የሚቀጥለው ፌስታል ሲመጣ ደረሰኞቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ እንደ ኦዲተር ተመልከቻቸው። መስከረም ተብሎ የተጻፈውና ታኅሣሥ ተብሎ የተጻፈው ብዙ ጊዜ ተከታታይ ቁጥር ነው የሚኖራቸው፤ ሻጩ በመሃል ባሉት ወራት ለማንም አንዲት ደረሰኝ አልቆረጠም ማለት ነው። የእጅ ጽሑፉም የእስክሪብቶው ቀለምም አንድ ነው። ብረት ተገዛ ይላል፤ የጫነው መኪና የለም፣ ለጫኝና አውራጅ የተከፈለ የለም፣ መጋዘን ያለው ልጅ አላየውም። አንቺ በአምስት ደቂቃ ያየሽውን የገቢዎች መርማሪ አያየውም ብለሽ አታስቢ። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚፈነዳው ደግሞ ከናንተ ቢሮ አይደለም። ሻጩ ይያዛል፣ በግብር ከፋይ መለያ (ቲን) ቁጥሩ የተመዘገቡ ግዢዎች ሁሉ ገዢዎቹ ለገቢዎች ካቀረቡት የግብር ማስታወቂያ ይለቀማሉ፣ ከዚያ የገዢዎቹ በር ይንኳኳል።

የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ሐሰተኛ ደረሰኝ መጠቀምን በገንዘብም በጽኑ እስራትም ይቀጣል፤ አድራጊውን ብቻ ሳይሆን የረዳውንም ይጠይቃል። በሌላ ጊዜ ግብር ወደ ኋላ ተመልሶ የሚታየው እስከ 5 ዓመት ነው፤ ማጭበርበር ካለበት ግን የጊዜ ገደብ የለውም። አንቺ 36 ዓመት ሲሞላሽ፣ ምናልባት ልጅ አቅፈሽ፣ ዛሬ የፈረምሽው ቫውቸር ሊጠራሽ ይችላል። ያን ቀን ባለቤቱ ምን እንደሚሉ ልንገርሽ፦ «እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ሂሳብ አላውቅም፤ የሠራችው ሂሳብ ሠራተኛዋ ናት።» የምትስቅብሽ ባልደረባሽም ተረቱን እስቲ ደግማ ትየው። ሲሾም ካልበላ የሚቆጨው የተሾመው ነው። አንቺ መች ተሾምሽ? የሚበሉት ሌላ፣ የምትቆጪው አንቺ።

ይህን ሁሉ ያልኩት ላስፈራራሽ አይደለም። ሶላት ላይ የሚይዝሽ ጭንቀት ከሕጉ ቀድሞ ነግሮሻል። ግን «ሐራም ነው» የሚለው ያንቺና የፈጣሪሽ ጉዳይ ሆኖ ቢቀር ይሻላል። አጎትሽ ፊትም ሆነ ባለቤቱ ፊት የሃይማኖት ስብከት ይዘሽ አትቅረቢ። ሁለቱም በዕድሜ ይበልጡሻል፤ የሚጸልዩትን እነሱም ያውቃሉ። ከነሱ በላይ ጻድቅ ሆነሽ የታየሽ ቀን ስለ ደረሰኙ መነጋገር ይቀርና ስለ ትዕቢትሽ መነጋገር ይጀመራል።

ባለቤቱን በሙያሽ እምቢ በያቸው። እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ «ጋሼ፣ ከዚህ ወር ጀምሮ የዕቃ መረከቢያ ያልተያያዘበትን ደረሰኝ መመዝገብ አልችልም። ዕቃው መጋዘን መግባቱን የሚያሳይ ወረቀት ካለ ያምጡልኝና አሁኑኑ እመዘግባለሁ።» ድምፅሽን አታንሺ፣ አታልቅሺ፣ የቢሮውን ሰው ምስክር ለማድረግ አትሞክሪ። «ተይው ባክሽ፣ ሁሉም የሚያደርገው ነው» ካሉሽ ያንኑ ዓረፍተ ነገር መልሰሽ በያቸው። ከዚያ በላይ ከገፉሽ በአንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፊ፤ መረከቢያ የሌለውን ወጪ መመዝገብ እንደማትችዪ ብቻ የሚገልጽ። ስድብ የለበት፣ ክስ የለበት። ሁለት ቅጂ አድርጊው፤ አንዱን አስገቢ፣ በሌላው ላይ ቀን ተጽፎ እንዲፈረምልሽ አድርጊ። ነገ ሥራ አልታዘዝ አለች ተብለሽ ብትባረሪ፣ ሕገወጥ ስንብት ነው ብለሽ ስትከራከሪ የምትይዢው ወረቀት እሱ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የሥራ ልምድ ደብዳቤ ጠይቂ። አሁን፣ ሰላም እያለ። ሰው ሁሉ የሥራ ልምድ የሚጠየቀው ሲለቁ ይመስለዋል፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የቆይታውን ጊዜና የደመወዙን መጠን ጽፎ በነጻ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ከተጣላችሁ በኋላ «ክሊራንስ አልጨረስሽም» እየተባልሽ ለወራት ልትመላለሺ ትችያለሽ። ለባንክ ነው በይ፣ ለትምህርት ነው በይ... እንደውም ምንም አትበይ፤ ምክንያት መናገር አይጠበቅብሽም።

የምትለቂ ከሆነ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጪ። ተናደሽ ቁልፍ ጥለሽ ከወጣሽ እስከ አንድ ወር ደመወዝሽ የሚደርስ ካሣ ሊጠየቅብሽ ይችላል፤ ያንን ደስታ አትስጫቸው። ከለቀቅሽ በኋላ የሚገባሽ ክፍያ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ከባዱ። ደብዳቤሽን ሳነብ ደረሰኙ ሳይሆን አጎትሽ እንደሚያስጨንቅሽ ገብቶኛል። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት፤ የያዘሽ ነገር ይህ ነው። ያስተማረሽ፣ ያስጠለለሽ ሰው «አታሳፍሪኝ» ሲልሽ ከየትኛውም አዋጅ በላይ ይከብዳል። ውለታውን የሚያቃልል ምክር ከማንም አትቀበዪ። «ያንቺ ሕይወት ነው፣ ምን አገባው» የሚሉሽ ጓደኞች አይጠፉም፤ አግብቶታል። ዶርም ሆነሽ የላከልሽ ብር ከልጆቹ አፍ ላይ የተነሳ ሊሆን ይችላል።

ነገር ግን አንድ ነገር ላስለይሽ፤ ዕዳው በማን ስም ነው የተመዘገበው? በአጎትሽ ስም ነው። ባለቤቱ እንዴት ተከፋይ ሆኑ? እሳቸው ቀጠሩሽ፣ አንቺ ሠራሽ፣ ከፈሉሽ፤ ሂሳቡ በየወሩ ተዘግቷል። አጎትሽ ሳያስበው ያንቺን ዕዳ ለሦስተኛ ሰው አዛወረው፤ ሦስተኛው ሰው ደግሞ በፊርማ እየሰበሰበው ነው። የአጎትሽን ውለታ ለአጎትሽ መልሺ። ልጆቹን ማታ ማታ አስጠኚ። ሲታመም አንቺ ሐኪም ቤት አድሪለት። ሚስቱ ድግስ ሲኖርባት ሽንኩርቱን ከሚከትፉት መሃል ቀድመሽ ተገኚ። አቅም ስታገኚ ከልጆቹ የአንዱን ትምህርት ቤት ክፍያ ቻዪ። ይህ ሁሉ ያንቺ ግዴታ ነው ብል አላፍርም። ፊርማሽ ግን እዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም።

ለአጎትሽ እንዴት እንደነገርሽው አልጻፍሽልኝም፤ «ከብዶኛል» ብለሽው ከሆነ ግን ሥራ የሰለቻት ልጅ ማማረር መስሎ ተሰምቶት ይሆናል። በነጋዴው መንደር ደረሰኝ መግዛት እንደ ትራፊክ ቅጣት ቀላል ነገር ተደርጎ ሲወራ ይሰማል። ምናልባት ስምሽ ወረቀቱ ላይ እንዳለ አልገባውም። ጁምዓ ከሰዓት፣ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ብቻውን አግኝተሽ ንገሪው። እናትሽን አስቀድመሽ በስልክ አታስጨንቂያት፤ ከደሴ ሆና ማድረግ የምትችለው ነገር የለም፣ እንቅልፍ ማጣት ብቻ ነው። እንዲህ በዪው፦ «አጎቴ፣ ላሳፍርህ አልፈልግም፤ የምፈራውም እሱኑ ነው። ወንጀሉ የሚጻፈው በኔ ስም ነው። ነገ ፖሊስ ቢፈልገኝ የሚመጣው አንተ ቤት ነው። ከሥራው እስክወጣ በሰላም እሠራለሁ፤ ያንን ወረቀት ግን አልፈርምም። ከጓደኛህም ጋር አላጣላህም፤ አንተ ምንም አታውቅም።» መጨረሻው ላይ ያለውን አትርሺ። አጎትሽ የሚፈልገው ከጓደኛው ፊት ቀና ብሎ የሚሄድበት መንገድ ነው፤ መንገዱን አንቺ ስጪው። ይቆጣ ይሆናል፣ ለሳምንት ሊያኮርፍሽም ይችላል። ይኩረፍ።

በዚያው ቀን ግን ስለ ቤት እንዳታነሺ! ሁለቱን ካደባለቅሽ «ለካ ሰበብ ስትፈልጊ ነው፣ የፈለግሽው መውጣት ነው» ይልሻል፤ ሚስቱም ታምነዋለች፣ ደሴ ድረስም የሚሰማው ይኸው ነው። ደረሰኙ የዚህ ወር ጉዳይ ነው፤ ቤቱ ከአዲስ ሥራ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

«ሴት ልጅ ሳታገባ ከቤት አትወጣም» የሚለውን በተመለከተ፣ እኔ አልስማማበትም። ደመወዝተኛ ነሽ፣ ዕድሜሽ ደርሷል፤ ለብቻ መኖር ከእምነትሽም ከጨዋነትሽም ጋር አይጣላም። ወላጆችን የሚያስፈራቸው መውጣቱ ሳይሆን አወጣጡ ይመስለኛል። በኩርፊያ ሻንጣ ይዛ የወጣች ልጅና እናቷ መርቃ ያስገባቻት ልጅ ሠፈር ውስጥ እኩል አይወራባቸውም። ስለዚህ ጊዜው ሲደርስ እናትሽን ከደሴ አምጫት፤ ቤቱን አብራሽ ትየው፣ ከአከራይሽ ጋር ትተዋወቅ፣ የመጀመሪያውን ቡና እሷ ታፍላው፣ የአጎትሽን ሚስት ራሷ ትጥራት። መጀመሪያ ላይ ከዘመድ ልጅ ወይም ከምታምኛት ጓደኛሽ ጋር ብትጋሪው ኪራዩም ይቀልልሻል፣ አጎትሽም ቶሎ ይዋጥለታል።

ቤት ስትፈልጊ ደላላው የስድስት ወር ቅድሚያ ክፈዪ ሊልሽ ይችላል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መጠየቅን ይከለክላል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ከሁለት ዓመት ላነሰ ጊዜም አይዋዋሉም። በተግባር ሁሉም አከራይ እንደማይከተለው አውቃለሁ፤ ሕጉን የምታውቅ ተከራይ ግን ሲደራደሯት ይታወቃል። የሁለት ወር ኪራይ፣ ፍራሽ፣ ምድጃ፣ ባልዲና መጋረጃ፣ በዚያ ላይ ያለ ደመወዝ ብትቆዪ የሦስት ወር ቀለብ አስልተሽ ጻፊ። እቁብ ካለሽ ዕጣሽን በጊዜ እንዲሰጡሽ ሰብሳቢውን ለምኚ፤ ዋስ ይዘሽ ሂጂ። እናትሽን ደግሞ «ለጥቂት ወራት የምልከው ይቀንሳል» ብለሽ አሁኑኑ ንገሪያት። በርበሬ የምትሸጥ ሴት ገበያ ሲቀዘቅዝ መሸጋገር ታውቃለች፤ ድንገት ሲቋረጥባት ነው የምትደነግጠው።

«ለምን እንደተማርኩ ጠፋኝ» ላልሽው ብዙ የምለው የለኝም። አልጠፋሽም፤ ሁለት መስመር ከፍ ብለሽ ራስሽ ጽፈሽዋል። ቢሮ እስክትከፍቺ ግን አትጠብቂ። አረፋ ላይ ደሴ ስትሄጂ ከእናትሽ ጋር ሰኞ ገበያ ዋዪና አንድ ደብተር ክፈቺላት፦ በርበሬው በስንት ገባ፣ መቀንጠሻውና ማስፈጫው ስንት ወሰደ፣ በስንት ተሸጠ፣ ዱቤ ማን ጋ አለ። ብዙ ትንንሽ ነጋዴዎች ግብር በግምት ሲወሰንባቸው የሚከራከሩበት ወረቀት የላቸውም፤ የሚያሳዩት ደብተር ያለው ነጋዴ ቢያንስ አፍ ይኖረዋል። የእናትሽ ደብተር ከሠራ አጠገቧ የተቀመጡት ሴቶች ይጠይቁሻል። በሕጋዊ መንገድ ቢሮ ከፍተሽ ለሕዝብ የሂሳብ አገልግሎት ለመስጠት ደግሞ ከኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ፈቃድ ያስፈልግሻል፤ ምን ምን እንደሚጠይቁ ከአሁኑ ሄደሽ ጠይቂ፤ የምታጠራቅሚው የሥራ ልምድ ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት ያኔ ታውቂያለሽ።

የራስሽ ቢሮ ከዚህ ሁሉ የሚያሳርፍሽ መስሎሽ ከሆነ ግን ልንገርሽ፤ ፌስታሉ እዚያም ይመጣል። አሁን በአለቃ እጅ የሚመጣው ያኔ በደንበኛ እጅ ይመጣል፤ ያውም የመጀመሪያ ደንበኛሽ ሊሆን ይችላል፣ ኪራይ ባልከፈልሽበት ወር። «ሌላው ሂሳብ ሠራተኛ እኮ ይሠራልኛል» ይልሻል፣ እውነቱንም ነው። ዛሬ ደመወዝ የሚከፍሉሽን ሰው «መረከቢያ ያምጡ» ያልሽ ልጅ ያኔ አዲስ ነገር አይሆንባትም። ዛሬ ዝም ያለችው ግን የራሷ አለቃ ስለሆነች ብቻ ድንገት አፍ አታወጣም። ቢሮሽ የሚጀመረው አሁን፣ በዚያ የሰው ቢሮ ውስጥ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ልጠቁም ወይ ብለሽ አልጠየቅሽኝም፤ ግን በልብሽ ሳይመላለስ አይቀርም። ታክስ መሰወርን በተጨባጭ መረጃ ለጠቆመ ወሮታ አለ፤ የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003ም አለ። መንገዱ ክፍት ነው፤ ብትሄጂበትም አልወቅስሽም። በንዴት ግን አትሂጂ፤ አንቺም የፈረምሽበት ስላለ መጀመሪያ የታክስ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ አማክሪ። ባትጠቁሚም እንኳ ስለ ቀድሞዎቹ ቫውቸሮች ምን ማድረግ እንዳለብሽ ከሱ ነው የምትሰሚው፤ እኔ በጋዜጣ ልነግርሽ አልችልም። ለመጀመሪያ ምክር የሚከፈለውን ብር ከቤት ዕቃው በጀት ላይ ቀንሺ፤ መጋረጃው ይቆይ። ጠበቃው ጋ ስትሄጂ ፌስታሉ የመጣባቸውን ወራትና ማን ምን እንዳለሽ በቀን ተራ በወረቀት ጽፈሽ ያዢ። የድርጅቱን ሰነድ ግን ኮፒ አድርገሽ ከቢሮ አታውጪ፤ የሚያስፈልግ ከሆነ በምን መንገድ እንደሚገኝ ጠበቃው ይንገርሽ።